መቶ ስልሳ ሰባት ነበርን

ጋሽ በላቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የምሠራበት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት እያሸግሁ ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። «ታላቅ አባት»፣ «የጸሎት ሰው»፣ «ትሑት አገልጋይ»፤ ከዚያ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጣመሩ እጆች፣ እንደገና የሚያለቅስ ፊት። ቆጠርኋቸው። አርባ ሦስት ሰው ጽፏል። ከአርባ ሦስቱ ውስጥ እሳቸው ከሥራ ሲባረሩ ደውሎ «እንዴት ነዎት?» ያለ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። እኔ ከሁለቱ ውስጥ የለሁበትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኼ ነው። ደሞ «የጸሎት ሰው» ይሏቸዋል! ጋሽ በላቸው ጸሎት ሲረዝም በኋላ በር ሹልክ ብለው ወጥተው ከፓርኪንጉ ጥግ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰው ነበሩ። ማጨሳቸውን ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸውም ሁሉም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። የእሳቸው ጸሎት ሌላ ነበር። እሳቸው ሰው ይቆጥሩ ነበር።

ቶሮንቶ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነበር የምንኖረው፤ እኔ ስድስተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ዘጠነኛ። በወጣትነታቸው ከአሰብ የሚነሱ የጭነት መርከቦች ላይ ሠርተዋል። ቶሮንቶ መጥተው ብዙ ቦታ ከለፉ በኋላ፣ በስተርጅና ወደሚያውቁት ውሃ ተመለሱ። በረዶው ቀልጦ ሐይቁ ሲከፈት ቱሪስትና ሠርገኛ በሚያንሸራሽር መርከብ ላይ ገመድ ያስራሉ፣ ተሳፋሪ ያስተናግዳሉ። ሐይቁ ሲዘጋ ደግሞ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ ቀይ የ«ቁም» ምልክት ይዘው፣ ከሕንፃችን በታች ባለው መንገድ ላይ ተማሪዎች ያሻግራሉ። እዚያም ይቆጥራሉ። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ አንድ በአንድ ስትራመድ ያየ፣ መቁጠሪያ የያዙ ይመስለው ነበር።

ሊፍት ውስጥ ሳይቀር ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ተጨናንቀን ገብተን በሩ ሊዘጋ ሲል፣ «አሥራ አንድ ነን፤ ይኼ ለአሥር ነው» አሉና ራሳቸው ወረዱ። ማንም ውረዱ አላላቸውም። በኋላ «ጋሽ በላቸው፣ ለአንድ ሰው ብለው ነው?» ስላቸው አፈጠጡብኝ።

«ለስንት ሰው ስል ነበር ደስ የሚልሽ?» አሉኝ።

የሚደጋግሟት አባባል ነበረቻቸው። «ሰው በየብስ በስሙ ይጠራል፤ ውሃ ላይ ግን ይቆጠራል።» መጀመሪያ ስሰማት የሽማግሌ ወግ መስላኝ ነበር። አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ምክንያቱን ነገሩኝ። ገና ጀማሪ መርከበኛ ሳሉ፣ አንድ ማዕበል የበዛበት ቀን አለቃቸው «ሰዎቹን ቁጠርና ንገረኝ» አላቸው። እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አየት አድርገው «ሁሉም አሉ» ብለው ተመለሱ። እራት ሲቀርብ አንድ ሳህን ሳይነካ ተረፈ። የሳህኑን ባለቤት ባሕሩ ከወሰደው ቆይቷል።

«ስሙን አልነግርሽም፤ ሳህኑን ግን እስከ ዛሬ አየዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወሬ ቀይረው ስለ አውቶቡሱ መዘግየት ማማረር ጀመሩ።

ይኼን ያስቀደምሁት ስለዚያ ቅዳሜ እንድነግራችሁ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ የምስጋና ቀን ታከብራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ኮሚቴው «ዘንድሮ መርከብ እንከራይ» አለ። መርከቡም ጋሽ በላቸው የሚሠሩበት ሆነ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። ዝርዝሩን የምይዘው፣ ለመርከቡ ካምፓኒ የምልከው፣ ፈርሜ የማስረክበውም እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጥፋት የሚጀምረው፤ ደግሞ ጥፋት የማይመስል ጥፋት ነው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንድም መስፍን «ልጅና ከአገር ቤት የመጣ ወላጅ ትኬት አይቆርጥም» ብሎ ወሰነ። ለጥየቃ የመጣች እናትን ትኬት ቁረጪ ማለት ነውር ነው፤ ልጅን ማስከፈል ደግሞ ስስት ነው። ሁላችንም ተስማማን፤ እኔም አጨበጨብሁ። እኔ ዝርዝሩን የጻፍሁት ከትኬቱ ነው። ስለዚህ በመርከቡ ላይ መጀመሪያ መዳን ያለባቸው ሰዎች፣ ሕፃኖቹና አሮጊቶቹ፣ በወረቀቱ ላይ የሉም ማለት ነው። አክብረን ከዝርዝሩ አወጣናቸው። ይኼ እኛን ብቻ ይመስላል።

ወደቡ ላይ መሳፈሪያው ጋ እኔ በስም እየጠራሁ ምልክት አደርጋለሁ፤ ጋሽ በላቸው አጠገቤ ቆመው በጣት የምትጫን ትንሽ መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ። የመጨረሻው ሰው ሲገባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት አለሽ?»

«መቶ ሠላሳ ስምንት።»

«እኔ መቶ ስልሳ ሰባት አለኝ። መርከቡ የተፈቀደለት መቶ ሃምሳ ነው። ጻፊው፤ እዚያች ወረቀትሽ ጥግ ላይ ጻፊው።»

167 ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ካፒቴኑ ጋ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። ካፒቴኑ ወጣት ነው፤ ፀጉሩን በጄል ያስተኛ። ከጠዋት ጀምሮ የነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ ስልካችን ላይ ይመጣል፤ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሽ በላቸው በዚያ እንግሊዝኛቸው ሁለቱንም ነገር ነገሩት፤ ሰው በዝቷል፣ አየሩም አላማረም። ካፒቴኑ ዝርዝሩን አንስቶ አሳያቸው። «ግሩፑ የፈረመው ይኼን ነው። ሁለት ሰዓት ዞረን እንመለሳለን። ከዚህ በኋላ ሌላ ጉዞ አለብኝ» አለ። ሐይቁን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። አለቆቹ ሰዓት እንጂ ሰማይ አይጠይቁትም።

ወንድም መስፍን ነጭ ሸሚዙን እያስተካከለ መጣ። «ምንድን ነው ኢሹው?»

«አሥራ ሰባት ሰው መውረድ አለበት» አሉት ጋሽ በላቸው።

«ጋሽ በላቸው፣ የእግዚአብሔር ሕዝብ አይቆጠርም። ዌዘሩንም ጸልየንበታል። ማንን ላውርድ? እናቶችን ነው ልጆችን?»

«ከአንተ እንጀምር» አሉት።

ወንድም መስፍን ሳቀ፤ አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ። መርከቡ ተነሣ።

ካፒቴኑ በእንግሊዝኛ የደኅንነት መመሪያውን አነበበና ጨረሰ። ጋሽ በላቸው ማይኩን ተቀብለው በአማርኛ ጀመሩ። «ላይፍ ጃኬት ከአግዳሚው ሥር ነው። የልጆቹ ለብቻው ነው። አየር ከተበላሸ ሁሉም ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል፤ ደረጃው በዚህ...» ይኼን ሲሉ ኪቦርዱ ተነሣ። ከዚያ መዝሙር፣ ከመዝሙሩ እልልታ። ወንድም መስፍን እጁን ዘርግቶ «መጀመሪያ ምስጋና ይቅደም!» አለ። ጋሽ በላቸው ብርቱካናማውን ጃኬት አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አንድም ቃል አይሰማም። እስከ መጨረሻው ተናግረው ጨረሱ። እኔ ከፊት ቆሜ አጨበጭብ ነበር።

ደሴቶቹን አልፈን ክፍቱ ውሃ ላይ ስንደርስ ነው የመጣው። መጀመሪያ ነፋሱ የወረቀት ሳህኖቹን ወሰደ። ከዚያ ዝናቡ በጎን መጣ፤ መርከቡ ዘንበል ብሎ ሲመለስ የምግቡ ጠረጴዛ ከነትሪው ተገለበጠ። የልጆች ጩኸት፣ የብርጭቆ ስብርባሪ፣ «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» የሚል ድምፅ። ድምፅ ማጉያው በእንግሊዝኛ «ሁሉም ሰው ወደ ታች ይውረድ» ይላል። ጋሽ በላቸው በአማርኛ እየጮሁ የደረጃው አፍ ላይ ቆሙ። እየገፉን፣ ልጆቹን በብብታቸው እያቀበሉን፣ አውራ ጣታቸው አንጓቸው ላይ ትራመዳለች። በዚያ ሁሉ መሐል ትራመዳለች።

ታች ስንታጨቅ ወንድም መስፍን «ሁላችንም አለን! ሃሌ ሉያ!» አለ። ሃሌ ሉያ አልን።

«አንድ ሰው ይጎድላል» አሉ ጋሽ በላቸው። «መቶ ስልሳ ስድስት ነው የወረደው።»

ግድግዳው ላይ ባለው ስልክ ለካፒቴኑ ነገሩት። የሰጣቸውን መልስ አጠገባቸው ስለነበርሁ ሰምቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። «ዝርዝሩ መቶ ሠላሳ ስምንት ነው የሚለው። አንተ ሃያ ስምንት ሰው ተርፎሃል፤ አንድ ጎደለ ትለኛለህ? ካለህበት እንዳትንቀሳቀስ!» አላቸው።

ማን እንደጎደለ አያውቁም። ስም የላቸውም፣ መልክ የላቸውም። ያላቸው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ስልኩን ሰቅለው በሩን ከፍተው ወጡ። ወንድም መስፍን «ጋሽ በላቸው፣ ሕዝቡን አያስደንግጡ እንጂ!» ብሎ ከኋላቸው ጮኸ።

የጎደሉት እማማ ዘነበች ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከመጡ ገና አንድ ወራቸው ነው። አንዷ ልጅ ከታችኛው ፎቅ በአንዱ ጫፍ ናት፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ፤ እያንዳንዷ እናቷ ከእህቷ ጋር ናቸው ብላለች። እማማ ዘነበች የድምፅ ማጉያው እንግሊዝኛ አልገባቸውም። ነፋሱ ሲነሣ ከመርከቡ ኋላ፣ ከተደራረቡት ወንበሮች ጀርባ ተንበርክከው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ነበር። ሲገልጡ ሰው የለም። ወንበሮቹ ተንሸራተው መውጫውን ዘግተውባቸዋል፤ ውሃውም እስከ ወገባቸው እየመጣ ይመለሳል።

ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። በሩ ሲከፈት ጋሽ በላቸው እማማ ዘነበችን በአንድ ክንዳቸው ደረታቸው ላይ ለጥፈው ገቡ። ሌላው ክንዳቸው ተንጠልጥሏል። ደረጃው ላይ ማዕበሉ ሲመታቸው እማማን ላለመልቀቅ ትከሻቸውን ለብረቱ ሰጥተውት፣ ተሰብሯል። ልጆቹ እናታቸው ላይ ተረባረቡ። ጋሽ በላቸው እኔን ፈልገው አዩኝና «መቶ ስልሳ ሰባት» አሉ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ጋሽ በላቸው ሆስፒታል ናቸው። ወንድም መስፍን ማዕበልን ጸጥ ስለሚያደርግ ጌታ ሰበከ፤ «ለእናታችን መልአኩን ላከላቸው» ሲል ጉባኤው ተነሣ። እማማ ዘነበች ከመቀመጫቸው «መልአክ አይደለም፣ በላቸው ነው! ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ወንድም መስፍንም ስቆ ለኪቦርድ ተጫዋቹ ምልክት ሰጠው፤ መዝሙር ሆነ። እኛ ዘንድ የማይመች ነገር ሲነሣ መዝሙር ይሆናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካምፓኒው ለቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ ጻፈ። ጋሽ በላቸው «ከተፈቀደው በላይ ሰው ጭነን ነው የወጣነው፤ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ» ብለው ሪፖርት አድርገዋል፤ ካፒቴኑ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልተነገረኝም ብሏል። የተሳፋሪውን ቁጥር አረጋግጡልን ይላል ደብዳቤው። ወንድም መስፍን ኮል አደረገልኝ።

«ሊስቱን ላኪላቸው፤ ሌላ ምንም አትጨምሪ። እነሱ የሚፈልጉት ሊስት ነው።»

«ወንድም መስፍን፣ ቁጥሩ እኮ...»

«ሰናይት፣ ቤተ ክርስቲያን ትከሰስ ነው የምትይው?»

ሁለት ኮፒ ነበረኝ። አንዱ ጥጉ ላይ 167 የተጻፈበት ነው፤ አንዱ ንጹሕ። ንጹሑን ላክሁ። ውሸት አልጻፍሁም እያልሁ ራሴን ሳታልል ከረምሁ። እውነት ነው፣ አንዲት የውሸት ቃል አልጻፍሁም። ንጹሕ ወረቀት ነው የላክሁት።

ካምፓኒው ጋሽ በላቸውን «መሠረት በሌለው ቁጥር ተሳፋሪ አስደንግጧል፣ ያለ ፈቃድ ቦታውን ለቋል» ብሎ አባረራቸው። ካፒቴኑ አሁንም ያንኑ መርከብ ይነዳል።

አንድ ከሰዓት በሬን አንኳኩ። ክንዳቸው በጨርቅ ታስሯል። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ በር ላይ ቆመው ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ሥራውን መልሱልኝ አልልም፤ አርጅቻለሁ። ግን ውሸታም ብለው ነው ያስወጡኝ። ቁጥር አይጠፋኝም እኔ፤ አንዴ ጠፍቶኝ የሆነውን ነግሬሻለሁ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ጽፈሽዋል። አንድ መስመር ጻፊልኝ።»

«ጋሽ በላቸው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ልነጋገርና እነግርዎታለሁ» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ» ብለው ወደ ሊፍቱ ሄዱ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ከሽማግሌዎቹም ጋር አልተነጋገርሁም። በየጠዋቱ ሊፍት ውስጥ «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ይሉኛል፤ አንድም ቀን ሰላምታ አላጓደሉብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምት ሲመጣ ቀዩን ምልክት በግራ እጃቸው ያዙት፤ ቀኙ ከዚያ በኋላ ከትከሻው በላይ አልተነሣም። የቆጠራ ጣቶቹ ግን ይሠሩ ነበር። አውቶቡስ ስጠብቅ በመጠለያው መስታወት አያቸዋለሁ፤ ዞር ብዬ አላያቸውም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ልባቸው ቆመና ቴሌግራሙ ተንጫጫ።

የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍና ቀብሩ ላይ እንዳነብ የተመደብሁት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ አይደለሁ? አሰብን ጻፍሁ፣ የተረፈውን ሳህን ጻፍሁ፣ ሊፍቱን ጻፍሁ፣ መርከቡን ጻፍሁ። ወንድም መስፍን አየት ላድርገው ብሎ ወስዶ መለሰልኝ። ስለ መርከቡ ያለው አንቀጽ በቀይ ተሰርዟል፤ በምትኩ «ለዓመታት በመርከብ ላይ በትጋት ሠርተው በፈቃዳቸው ሥራ ለቀቁ» ተብሎ ተጽፏል። በፈቃዳቸው! የሞተ ሰው ላይ፣ ሬሳው ፊት የሚነበብ ውሸት! ስልኩን አንስቼ ልደውልለት ነበር። ከዚያ ንጹሑ ወረቀት ትዝ አለኝ። እሱ በቀይ እስክሪብቶ ሠራው፤ እኔ በንጹሕ ወረቀት ሠራሁት። ልዩነቱ ቀለም ነው።

ኖርዝ ዮርክ ያለው አዳራሻችን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሳጥኑ ከፊት ነው። እማማ ዘነበች በመካከሉ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተው እዚሁ ቀርተዋል፤ ጥቁር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አሰብን አነበብሁ። ሳህኑን አነበብሁ፤ አንዳንዱ አለቀሰ። የተሰረዘው አንቀጽ ጋ ደረስሁ። በቀይ የተጻፈውን ትቼ፣ የተሰረዘውን የራሴን ጽሑፍ ጠዋት ከጨመርሁበት ጋር አነበብሁት።

«በዚያ ቀን መርከቡ ላይ መቶ ስልሳ ሰባት ነበርን። ለካምፓኒው የተላከው ዝርዝር ግን መቶ ሠላሳ ስምንት ይላል። ዝርዝሩን የጻፍሁት፣ ትክክለኛውን ቁጥር እያወቅሁ የላክሁት እኔ ነኝ። ጋሽ በላቸው አልዋሹም። ሥራቸውንም በፈቃዳቸው አልለቀቁም፤ እኛ ዝም ስላልን ነው የተባረሩት። ዋናው ወረቀት እነሆ በእጄ ነው፤ ኮፒውን ዛሬ ጠዋት ለካምፓኒው ልኬዋለሁ።»

ወንድም መስፍን ከፊት ረድፍ ብድግ አለ። «እህት ሰናይት፣ ይኼ ቦታው አይደለም» አለኝ፤ በለሰለሰ ድምፅ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚሠራለት ድምፅ። በእጁም ወደ መድረኩ ጥግ ምልክት ሰጠ። ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል አንተ!»

እማማ ዘነበች ናቸው። የልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ተነሥተዋል። የኪቦርድ ተጫዋቹ እጁን ከእሳት እንደነካ ሰው አነሣ።

«ቦታው አይደለም? የት ነው ታዲያ ቦታው? ሐይቁ ውስጥ?» አሉት ወንድም መስፍንን። እሱም መቀመጫውን ወደ ኋላ በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረዋል።

«ድገሚው፣ ልጄ። ያን ቀንም መዝሙር ጀምረው ነው ያልሰማሁት። ድገሚው።»

ከቁጥሩ ጀምሬ ደገምሁት።